ነፋስን ስንቅ አድርጎ፤ ከላስ ቬጋስ እስከ ሞት ሸለቆ

የሀገራችን ሰው ሩቅ መንገድ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስንቁን ነው። ዳቦ ቆሎው ይቈላል፥ በሶው ይፈጫል፥ ውሃውም በየዕቃው ይሞላል። በዛሬው ዘመን ቤተሰቡን በአውቶሞቢል አሳፍሮ፥ ከኋላውም ተሳቢ አስከትሎ የሚጓዝ ሰው ግን ለሆዱ ስንቅ ሲይዝ ለጎማው ስንቅ መያዝን ይዘነጋል። የጎማ ስንቅ ነፋስ ነው። ነፋስ በየሜዳው ሞልቶ ሳለ ስንቅ መባሉ አንባቢን ሊያስገርመው ይችላል፤ ዳሩ ግን የሜዳው ነፋስ ተገፍቶ ወደ ጎማው ካልገባ ለመንገደኛ አንዳች አይረባውም። እኔም ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመንገድ ላይ ነው፤ ያንንም ያስተማረችኝ ልጄ ናት።

የምንኖረው በአሜሪካ፥ በኔቫዳ ክፍለ ሀገር፥ በላስ ቬጋስ ከተማ ነው። በዚህች ከተማ ታክሲ በመንዳትና በሆቴል ቤቶች በመሥራት ኑሮአቸውን የሚያሸንፉ ብዙ የሀገራችን ልጆች አሉ። አሜሪካውያን ኖቬምበር በሚሉት ወር አራተኛውን ሐሙስ የምስጋና ቀን ብለው ያከብሩታል፤ ትምህርት ቤቱም ስለሚዘጋ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ሞት ሸለቆ ለመሄድ ከባለቤቴ ጋር ቈረጥን። ያገለገለ ተሳቢ ቤት ገዝተን ነበር። ርዝመቱ ሰባት ሜትር ያህል ሆኖ መኝታና ማብሰያ ያለው፥ በሁለት አክስል በአራት ጎማ የሚሄድ ነው። የጾም ወራት ስለ ነበረ ባለቤቴ ሽሮውንና ምስሩን፥ እንጀራውንም አዘጋጀች። እኔም ነዳጁንና ውሃውን ሞልቼ ሥራዬን የፈጸምሁ መሰለኝ።

በጎረቤታችን በደርግ ዘመን በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲነዱ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። ለመሰናበት ወደ ቤታቸው በሄድሁ ጊዜ፥ «ጎማዎቹን ለክተሃል?» ብለው ጠየቁኝ። «ጋሼ፥ በዓይን ሲታዩ ደኅና ናቸው» አልኋቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ መኪናህ ቢያመው ይነግርሃል፤ መሪው ይከብድሃል፥ ወንበሩም ይንቀጠቀጥብሃል። ተሳቢው ግን ከኋላህ ሆኖ ቢያለቅስ አትሰማውም። እኛ በየማረፊያው ረዳቱን እያስወረድን ጎማውን በብረት እያስመታን ድምፁን እናዳምጥ ነበር። እሱም ቢሆን ባዶውን ከሙሉው ይለያል እንጂ የጎደለውን አይለይም። አምስቱንም ለካ፤ በየጧቱም ለካ» አሉኝ።

ወደ ቤት ተመልሼ ብለካ ነገሩ እንደ ተናገሩት ሆነ። በአሜሪካ የጎማ ነፋስ የሚለካው በአንድ ካሬ ኢንች ላይ በሚያርፈው የፓውንድ ግፊት ነው። የተሳቢያችን ጎማዎች በጎናቸው እንደ ተጻፈው 65 ፓውንድ የሚሹ ሲሆኑ፥ አራቱም ከ56 እስከ 57 ብቻ ሆነው ተገኙ። የነካቸው ሰው የለም፥ የወጋቸውም ሚስማር የለም። ምክንያቱ ብርድ ነው። በነሐሴ ወር ሙቀቱ 38 ዲግሪ በነበረበት ቀን 65 ተሞልተው ነበር፤ ያን ዕለት ጧት ደግሞ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ነበረ። ነፋስ በቀዘቀዘ ጊዜ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይህ ለውጥ ብቻውን ስምንት ፓውንድ ያህል ወስዶአል።

ስምንት ፓውንድ ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፥ ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማው ሸክሙን የሚሸከመው በላስቲኩ ብርታት ሳይሆን በውስጡ ባለው ነፋስ ነው። የኛን ተሳቢ የመሰለው ጎማ 65 ፓውንድ ሲሞላ 1,150 ኪሎ ይሸከማል፤ 50 ፓውንድ ሲሆን ግን የሚችለው 975 ኪሎ ብቻ ነው። ነፋስ የጎደለው ጎማ ሸክሙ ሳይቀንስለት በተጓዘ ቍጥር እየተጣጠፈ ይሞቃል፤ በሞቀም ጊዜ ክሮቹና ላስቲኩ ይላቀቁና ይፈነዳል። ሲፈነዳም ብቻውን አይጠፋም። እየተገረፈ የተሳቢውን ወለል ይቀድዳል፥ የኤሌክትሪክ ሽቦውንና የጋዝ ቧንቧውን ይበጥሳል፤ ከአጠገቡ ያለው ጎማም የጓደኛውን ሸክም ደርቦ ስለሚይዝ ብዙ ሳይቈይ እሱም ይከተላል።

እኔም ወዲያው ከመኪናው የሲጋራ መለኰሻ ላይ የሚሰካ ትንሽ የነፋስ መሙያ ኮምፕሬሰር ነበረችኝና አመጣኋት። ይህች መሣሪያ 35 ፓውንድ ለሚሻ የቤት አውቶሞቢል መልካም ናት። ለተሳቢ ጎማ ግን አቅም አነሳት፤ ጥቂት እንዳጕረመረመች ሞቀች፥ ፊውዙም ተቃጠለ። ደግሞም ሽቦዋ አጭር ስለ ነበረ ከመኪናው እስከ ተሳቢው የኋላ ጎማ ለመድረስ ብዙ ሜትር ይቀራት ነበር። ጋሼም ሁኔታዬን ሰምተው የራሳቸውን ኮምፕሬሰር አዋሱኝ። ይህኛው በሁለት መቆንጠጫ ከባትሪው ጋር በቀጥታ የሚያያዝ፥ ረጅም ጎማ ቱቦ ያለው ነው። ተሳቢውም በፊት በኩል፥ ከመኪናው ጋር ከሚያያዝበት ላይ የራሱ ባትሪ ስላለው፥ ኮምፕሬሰሩን ከዚያ ላይ አያይዤ ሁሉንም ጎማዎች ያለ ችግር ደረስሁባቸው። አራቱንም 65 አደረስሁ። አምስተኛውን፥ ማለት በኋላ በኩል በሸራ ተሸፍኖ የተሰቀለውን ቅያሪ ጎማ፥ መሸቷልና ተውሁት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። መንገዱ ከላስ ቬጋስ ወጥቶ 1,670 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የተራራ በር ካለፈ በኋላ ወደ ፓራምፕ ከተማ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ካሊፎርኒያ ይሻገራል። በካሊፎርኒያ ሕግ ተሳቢ የሚጐትት ሁሉ በሰዓት ከ88 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ የተከለከለ ስለ ሆነ ቀስ እያልን ሄድን። ተራሮቹ ዛፍ የሌላቸው፥ ቀለማቸው ግን ቀይና ቢጫ፥ ሐምራዊና ግራጫ ሆኖ እንደ ጥበብ ኩታ ጠርዝ የተሰለፈ ነው። ቁልቁል እየወረድን ሳለ በመንገዱ ዳር «የባሕር ወለል» የሚል ምልክት አየን፤ መንገዱ ግን ገና ይወርድ ነበር። ሁለተኛው ልጄም፥ «አባዬ፥ አሁን ከባሕር በታች ነን ማለት ነው?» ብሎ በመስኮት ወደ ላይ ይመለከት ጀመር።

ያረፍንበት ፈርነስ ክሪክ የተባለው ሥፍራ ከባሕር ወለል በታች 58 ሜትር ነው። በዓለም ላይ በመሣሪያ ተለክተው ከተመዘገቡት ሙቀቶች ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ የሚጠቀሰው 56.7 ዲግሪ የተመዘገበው በዚሁ ሥፍራ በ1913 እ.ኤ.አ. ነበር። ኅዳር ግን የምሕረት ወር ነው፤ ቀኑ ለብ ያለ፥ ሌሊቱም ቀዝቃዛ ነበረ። በሸለቆው ብዙ ሥፍራ ስልክ አይሠራም። ሀገሩም ሰፊ ነው፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ፓርክ የተባለው ይህ ምድር ከ13,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እዚህ መንገድ ላይ የቆመ ሰው የሚረዳው ከሌላው መንገደኛ ቸርነት በቀር ራሱ ይዞት የመጣው ነገር ነው።

ይህን ከኛ በፊት አጥብቀው ያወቁ ሰዎች በዚያ ነበሩ። ከሰፈራችን በስተ ሰሜን ጥቂት ራቅ ብሎ ሃርመኒ የተባለው የጥንት የቦራክስ ፋብሪካ ፍርስራሽ ይታያል። ቦራክስ ለሳሙናና ለመስታወት ሥራ የሚያገለግል ጨው መሰል ማዕድን ነው። ከ1883 እስከ 1889 እ.ኤ.አ. ድረስ ይህን ማዕድን ከሸለቆው ያወጡት የነበሩ በተርታ የተጠመዱ 18 በቅሎዎችና 2 ፈረሶች ናቸው። የሚጐትቱትም ሁለት ታላላቅ ሠረገላዎችን ሲሆን፥ ከሁለቱ በኋላ ደግሞ 4,500 ሊትር ውሃ የሚይዝ የብረት ጋን በሦስተኛ ሠረገላ ይከተል ነበር። እስከ ባቡር ጣቢያው እስከ ሞሃቬ ድረስ ያለው መንገድ 265 ኪሎ ሜትር ሆኖ አሥር ቀን ያህል ይፈጅ ነበር። በዚህ ዓይነት በስድስት ዓመት ውስጥ ከዘጠኝ ሚሊዮን ኪሎ በላይ ቦራክስ አወጡ።

ከነዚያ ሠረገላዎች አንዳንዶቹ ዛሬም በሥፍራው ቆመው ይጐበኛሉ። የኋላ መንኰራኵራቸው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ዙሪያውም በወፍራም ብረት የታሠረ ነው። ልጆቼ በመንኰራኵሩ አጠገብ ቆመው ቁመታቸውን ሲለኩ እኔ ያሰብሁት የውሃውን ጋን ነበር። እነዚያ ነጂዎች ጭነታቸውን ብቻ አልጐተቱም፤ በመንገድ ላይ የማያገኙትን ነገር አስቀድመው አስበው ከኋላቸው አስከተሉት። የብረት መንኰራኵር ነፋስ አይሻም፤ በቅሎ ግን ውሃ ትሻለች። የኛ ደግሞ ነዳጃችን ተገኘ፥ ውሃችንም ተገኘ፤ የሚጐድለን ነፋስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ወደሚሆነው ባድዋተር ወደተባለው የጨው ሜዳ፥ ተሳቢውን በሰፈር ትተን ሄድን። ነጩ ጨው እስከ ተራራው ሥር ድረስ ተዘርግቶ ባየሁ ጊዜ የአፋር ምድር ትዝ አለኝ። ያ ሀገር ከዚህም በላይ ዝቅ ያለ ነው። ለልጆቼም በሀገራችን አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደ ነበረ፥ ግመሎችም ተቀጣጥለው ከዚያ እሳት ከሚመስል ምድር ወደ ደጋ ጨው እንደሚያወጡ ነገርኋቸው። «ግመሎቹ ጎማ ስለሌላቸው ዕድለኞች ናቸው» አለ ትንሹ ልጄ፤ ሁላችንም ሣቅን።

በደረስን በማግስቱ ጧት የመጀመሪያዋ ልጄ መለኪያውን ይዛ ተሳቢውን ዞረች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ የጋሼንም ቃል ስነግራት ጀምሮ ሥራው የኔ ነው ብላ ነበር። ሦስቱ 65፥ የግራው የኋላ ግን 59 ነው አለችኝ። እኔም ኮምፕሬሰሩን አምጥቼ ሞላሁት። «ለምን እሱ ብቻ ጐደለ?» አለችኝ። «ስትለኪ ጥቂት ነፋስ አምልጦሽ ይሆናል» ብዬ አለፍሁት። ይህን መልስ አስቤ አልሰጠሁትም፤ ጉብኝታችን እንዳይዘገይ ብዬ ነው የሰጠሁት።

በዚያው ቀን በአጠገባችን ያረፉ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት የኮምፕሬሰሩን ድምፅ ሰምተው መጡና አዋሱን አሉን፤ የነሱም ተሳቢ ጎማዎች በብርዱ ጐድለው ነበር። ሰውየው ሞልቶ ሲመልስልኝ አመሰገነኝ። እኔም፥ ከስንቅ ሁሉ ለሌላ ሲያካፍሉት የማይጐድል ስንቅ ነፋስ ብቻ ነው ብዬ በልቤ ተደነቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ወደ ሎን ፓይን ከተማ ልንነሣ ዕቃችንን ጫንን። በምዕራብ በኩል የሚጠብቀን ታውን ፓስ የሚባለው አቀበት ነው። ከባሕር ወለል ከፍታ ተነሥቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,511 ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ፓናሚንት ሸለቆ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርዳል። ሞተሩን ልቀሰቅስ ስል ልጄ፥ «ገና አልለካሁም» አለች። «ትናንት ሞልተነዋል፤ አሁን ግቢ» አልኋት። እርስዋም፥ «አባዬ፥ አባባ ያሉት በየጧቱ ነው» ብላ ቆመች። ባለቤቴም በዓይንዋ ተመለከተችኝ። ዝም አልሁ።

ልጄ ተመልሳ የመጣችው ፊትዋ ተለውጦ ነው። የግራው የኋላ ጎማ 41 ነበር።

በዓይን ሲታይ ግን ደኅና ይመስል ነበር፤ ይህን ለመመስከር ራሴ ወርጄ አየሁት። ሁለቱ ጎማዎች ጎን ለጎን ስለሚቆሙ አንዱ ሲደክም ጓደኛው ይደግፈዋልና ጕድለቱ አይታይም። ባለቤቴ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ በጥብጣ አመጣች፤ ላስቲኩን ብንቀባው በአንድ ሥፍራ አረፋ ይፈላ ጀመር። ጕልበት የሌላት አንዲት ትንሽ ቡሎን ገብታበታለች። ትናንትም በዚያው ነበረች። እኔ ግን ኮምፕሬሰር አለኝ በማለት ጐደለ ሲሉኝ ሞላሁ እንጂ ለምን ጐደለ ብዬ አልጠየቅሁም። ልጄ ጠይቃኝ ነበር።

እንግዲህ ቅያሪውን ጎማ እናውርድ አልን። ሸራውን ገልጠን ብንለካው 38 ፓውንድ ብቻ አለው! ጋሼ «አምስቱንም» ያሉት ይህን ነበር። ኮምፕሬሰሩ ባይኖረን ኖሮ የቈሰለውን ጎማ በደከመ ጎማ መለወጣችን ነበር። አሁን ግን በጥቂት ደቂቃ 65 ሞላነው። መኪናውን ከተሳቢው ሳንፈታ፥ በቀኝ በኩል ያሉትን ጎማዎች በእንጨት አግደን፥ ቡሎኖቹን መሬት ላይ ሳለ አላላን፤ ከዚያ በክሪክ አንሥተን ለወጥነው። ቡሎኖቹንም እንደ ኮከብ ቅርፅ በትይዩ በትይዩ አጠበቅናቸው፤ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላም ቆመን ደግመን አጠበቅናቸው፤ አዲስ የታሠረ ጎማ ይላላልና።

አቀበቱን ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር በአንድ በኩል ገደል፥ በሌላው በኩል ዐለት ሆነ። ፍሬኑ እንዳይግል በትንሽ ማርሽ ቀስ ብዬ እየወረድሁ፥ በመስታወቱ ተሳቢዬን ተመለከትሁ። ጸጥ ብሎ ይከተለኛል። በ41 ፓውንድ ቢነሣም እንዲሁ ጸጥ ብሎ ይከተለኝ ነበር፤ እስከዚች ገደል ድረስ። በኋላ ወንበር ሦስቱ ልጆቼ ተኝተው ነበር። በዚያ ሰዓት የተሰማኝን ፍርሃት ለባለቤቴ አልነገርኋትም፤ እርስዋም የተሰማትን አልነገረችኝም፤ ግን ሁለታችንም ዝም ብለን ወረድን። ወደ ሎን ፓይን ስንደርስ ከፍታው 4,421 ሜትር የሆነው የዊትኒ ተራራ በረዶ ለብሶ በፊታችን ቆመ። ያን ጊዜ ልጄን ቀስቅሼ አሳየኋት። «ስለ ጧቱ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት። «እሺ» አለችና ተመልሳ ተኛች።

አንባብያን ሆይ፥ ተሳቢ አስከትላችሁ ለመጓዝ ያሰባችሁ እንደ ሆነ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ኮምፕሬሰር ስትገዙ ስንት ፓውንድ እችላለሁ እንደሚል ብቻ ሳይሆን፥ የእናንተ ጎማ የሚሻውን ግፊት ሳይቸገር የሚደርስበት መሆኑን፥ ቱቦውም እስከ ኋለኛው ጎማ የሚደርስ መሆኑን በቤታችሁ ደጅ ሞክሩት። መሣሪያው ሲሠራ ይግላልና በመመሪያው የተወሰነለትን ጊዜ ከሠራ በኋላ አሳርፉት። ጎማ የሚለካው ሳይነዳ በፊት ወይም ቆሞ ሦስት ሰዓት ያህል ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በመንገድ ላይ ሞቆ ቢያብጥ ነፋሱን አታስተንፍሱ፤ ሲቀዝቀዝ ይጐድላልና። ከደጋ ሞልታችሁ ወደ ቈላ ብትወርዱም መለኪያው በሁለትና በሦስት ፓውንድ ዝቅ ሊል ይችላል፤ የአየሩ ክብደት በቈላ ስለሚጨምር ነው። የጎማውንም ዕድሜ ተመልከቱ፤ በጎኑ ላይ ካሉት ቍጥሮች መጨረሻ ያሉት አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከሁሉም በላይ አንዱ ጎማ ብቻውን ከጐደለ መሙላት አይበቃም፤ ኮምፕሬሰር ይሞላል እንጂ አይፈውስም።

ወደ ቤታችን ተመልሰን የጋሼን መሣሪያ ስመልስላቸው የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። እሳቸው ጥቂት ዝም ብለው፥ «የሚጐትት ሰው የሚያየው ፊት ለፊቱን ነው፤ ስለዚህ ከኋላው የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ረዳት ነበረኝ። አንተም አለህ» አሉኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የሀገራችን ሰው። ከዚያ ወዲህ የራሴን ኮምፕሬሰር ገዝቼ በተሳቢው ውስጥ አኑሬአለሁ። መለኪያው ግን በልጄ እጅ ነው፤ እርስዋ አምስቱንም ለክታ ቍጥሩን በደብተርዋ ሳትጽፍ ሞተር አልቀሰቅስም።